ጥድን የሚዘሩ አዕዋፍ

የዕረፍትን ቀን ከቤተ ሰብ ጋር በምን ማሳለፍ እንደሚገባ ለሚያስቡ ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ዛሬ ወጪ ስለማይጠይቅና ለልጅም ለሽማግሌም ስለሚስማማ አንድ መዝናኛ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ይኸውም በማለዳ ተነሥቶ ወደ ጥድ ጫካ በእግር መሄድ፤ በዚያም የሚኖሩትን አዕዋፍ መመልከትና ድምፃቸውን ማዳመጥ ነው። ነገሩ ተራ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ጥድና ወፍ ምን ያህል ተሳስረው እንደሚኖሩ በዓይኑ የተመለከተ ሰው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ምን ይሆናል ብሎ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ አይመለስም።

የሄድንበት አገር አዴት ነው። አዴት በጎጃም በይልማና ዴንሳ ወረዳ፤ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2200 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሯ ተስማሚ ነው፤ ምድሯም ጤፉን፤ ስንዴውን፤ በቆሎውንና ድንቹን አሳምሮ ያበቅላል፤ የእርሻ ምርምር ማዕከልም የተቋቋመባት ናት። እንዲህ ያለ መልካም የእርሻ አገር ግን ለዱር ቦታ አይተርፈውም። ስለዚህ ከሩቅ ቆሞ አገሩን ለሚመለከት ሰው፤ በቢጫው የጤፍ ማሳ መካከል በየጉብታው ላይ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ክብ ክብ ነገር ይታየዋል። ያም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቀረው የጥድ፤ የዝግባና የወይራ ጫካ ነው። የቀድሞውን ዱር ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደነዚህ ክቦች መግባት አለበት፤ ወፎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ይህ የደብር ጥድ ለውጭ አገር ሰዎችም እንግዳ ነገር አልሆነም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከአዴት በደቡብ ምዕራብ በኩል ባለው በሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ ለማየት በ1770 ዓ.ም. በመጣ ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርገናቸዋል) አብያተ ክርስቲያናቱ በረጃጅም ጥድ ተከበው ማየቱንና ይህም ያማረ መሆኑን ጽፏል። በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በአምስተኛው ክፍል ውስጥም ያገራችንን አዕዋፍ በሥዕል አሳይቷል፤ እርኩምን በዚሁ ባገራችን ስሙ ጠርቶታል። አንዲት አረንጓዴ ርግብንም ‹ዋልያ› ብሎ ስለጻፋት፤ እስከ ዛሬ ድረስ በሊቃውንት መዝገብ የምትጠራው በዚህ በኛው ቃል ነው። ሥዕሎቹን ከሠራቸው ሰው አብዛኛውን ድካም የደከመው ግን በ1771 ዓ.ም. በጎንደር የሞተው ኢጣሊያዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር፤ ብሩስ ይህን በግልጽ አለመናገሩ ለስሙ የሚያስመሰግነው አይደለም።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። ያገራችን ጥድ በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዘንድ ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ ይባላል። ዝግባ ሌላ ወገን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም አበባ የማያብቡ ዛፎች ስለሆኑ በአንድ ታላቅ ነገድ ይቈጠራሉ። የጥድ እንጨት ምስጥ ስለማይደፍረው አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ፤ ለሣንቃና ለአጥር መርጠውታል፤ በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ እርሳስ ይሠራበት ስለ ነበረ እንግሊዞች ‹የእርሳስ ጥድ› የሚል ስም ሰጥተውታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ጥድ ወንድና ሴት ያለው መሆኑን ነው። ወንዱ ዛፍ ቢጫ ብናኝ አውጥቶ ለነፋስ ይሰጣል እንጂ ፍሬ የለውም። ሴቲቱ ዛፍ ቁንዶ በርበሬ የሚያህል ፍሬ ታፈራለች፤ ፍሬውም ሲበስል ከሰማያዊ ወደ ጥቁር ያደላል፤ በላዩም አመድ የመሰለ ስስ ነገር ይለብሳል። ይህ ፍሬ ውጪው ለስላሳ ሥጋ፤ ውስጡ ጥቂት ደረቅ ዘሮች ናቸው። ሥጋው ለማን እንደተዘጋጀ ለማወቅ ከዛፉ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

እኛም ያደረግነው ይህን ነው። በኅዳር ወር፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ደብር ሄድን። አንዲት እመቤት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አብረውን ነበሩ፤ የደብሩ የቅኔ መምህርም ሁለት ተማሪዎችን አስከትለው መንገድ ይመሩን ነበር። ጫካው ውስጥ ገና ጨለማ ሳለ አስቀድሞ የሰማነው ጋጋኖን ነው። ጋጋኖ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነ፤ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልለት ትልቅ ወፍ ነው፤ ከማደሪያው ሲነሣ የሚያሰማው ጩኸት የሚስቅ ሰው ድምፅ ይመስላል። ትንሿ ልጅ ደንግጣ የእናቷን ነጠላ ያዘች። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ሌላ አገር የለውም፤ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1837 ዓ.ም. ለአውሮፓ ሊቃውንት እስኪያስታውቀው ድረስ እነርሱ ያለ መኖሩን አያውቁም ነበር፤ የጎጃም ገበሬ ግን በየማለዳው ይቀሰቀስበት ነበር።

ፀሐይ የዛፎቹን ጫፍ በነካች ጊዜ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ባለች ፍሬ በያዘች አንዲት አሮጌ ጥድ ፊት ለፊት ተቀመጥን። አስቀድመው የመጡት ጅራተ ረጃጅም፤ አመድ የመሰሉ ትናንሽ ወፎች ናቸው፤ እነዚህ እንደ አይጥ በቅርንጫፉ ላይ እየተሳቡ፤ አንዳንድ ጊዜም ቁልቁል እየተንጠለጠሉ ይበላሉ። ቀጥሎ ጥቂት አረንጓዴ በቀቀኖች እየጮኹ መጥተው በአናቱ ላይ ሰፈሩ። ምንቃራቸው ቀይ ነው፤ የወንዱ ግንባርም ቀይ ስለሆነ ወንዱን ከሴቷ መለየት ለልጅ እንኳ አያስቸግርም። እነዚህ ጥቁር ክንፍ ያላቸው በቀቀኖች የኛው ደጋ ልጆች ናቸው፤ ሌሊት የሚያድሩትም በአሮጌ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ወጣት ዛፍ ሽንቁር የለውም፤ ስለዚህ ያረጀው ጥድ ‹ደርቋል› ተብሎ ሲቆረጥ ቤታቸው አብሮ ይቆረጣል።

ከዚያም ሁላችንን ያስደነቀን መጣ። ከዶሮ ያነሰ፤ ጅራቱ ረጅም፤ ላባው አረንጓዴ፤ በጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ወፍ ከዝግባው ዘልሎ በቅርንጫፉ ላይ እንደ ጦጣ ሮጠ፤ ከዚያም ክንፉን በዘረጋ ጊዜ ክንፉ እንደ ደም ቀላ። ይህን ቀይ ቀለም በሚመለከት አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የብዙ ወፎች ላባ መልኩን የሚያገኘው ከሚበሉት ምግብ ወይም ብርሃን በላባው ላይ ከሚያደርገው ጨዋታ ነው፤ የዚህ ወፍ ቀይ ቀለም ግን በውስጡ መዳብ ያለበት ነው። ይህንንም በ1869 ዓ.ም. ቸርች የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት መርምሮ አሳወቀ። እንዲህ ያለ ቀለም ከዚህ ወፍ ወገኖች በቀር በሌላ ፍጥረት ላባ ላይ የታወቀ አይደለም። እነሆ አንጥረኛ ሳይኖር መዳብ የለበሰ ወፍ።

ታላቁ ልጅ ወደ መምህሩ ዘወር ብሎ፤ ‹የኔታ፤ ይህ ወፍ ማን ይባላል?› ሲል ጠየቀ።

‹ልጄ፤ ስሙን አያቴ ያውቁት ነበር። እኔ ድምፁን አውቃለሁ፤ ስሙን ግን አላስቀረሁትም› አሉት።

ይህ መልስ ከዕለቱ ነገር ሁሉ ይልቅ በልባችን ቀርቷል። ሊቃውንቶቻችን ስለ አዕዋፍ መናገራቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ስለ ንስርና ስለ ሌሎች አዕዋፍ ጠባይ የሚናገር ነው። ነገር ግን በሩቅ አገር ስላለው ወፍ ተምረን በደጃችን ስላለው ሳንጽፍ ቀርተናል። ዛሬ አንድ የከተማ ልጅ ወፍ ቁጠር ቢባል ርግብ፤ ቁራ፤ አሞራና ጉጉት ብሎ ይጨርሳል፤ ጅግራን፤ ቆቅንና ድርጭትን የሚለይ ከተገኘ ምስጉን ነው። በኢትዮጵያ የታወቁት አዕዋፍ ግን ከ860 ወገን የማያንሱ ናቸው። ስሙ የጠፋ ነገር መጥፋቱም አይታወቅም፤ የሚፈራውም ይህ ነው።

ወደ ጥዲቱ እንመለስ። መዳብ ለባሹ ወፍ ፍሬውን ሳያደቅ እየዋጠ ጠገበ፤ ከእርሱም በኋላ ደረቱ ብርቱካን የመሰለ፤ ጀርባው ቡናማ፤ መሬት ለመሬት መዝለል የሚወድ ወፍ መጣ። በመጨረሻም ራሷ ቡናማ ቆብ የደፋች የመሰለች አንዲት ትንሽ እንግዳ አየን፤ ወንዱ ቆቡ ጥቁር ነው። ይህች ወፍ ክብደቷ 20 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በክረምት ከሚበርደው ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ ተነሥታ ባሕርና በረሓ ተሻግራ የመጣች ናት። ከመስቀል በኋላ ትመጣለች፤ እስከ መጋቢት ገደማ በኛው ጥድና ወይራ ፍሬ ተቀልባ ትመለሳለች። ስለዚህ በአዴት አንድ ጥድ ሲቆረጥ የሚጐዳው የአዴት ወፍ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ከሥር በወደቀው ፍሬ ላይ ዋኖስ ተሰብስበው ይለቅሙ ነበር። ድንገት አንድ ትልቅ ቁራ፤ ያ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፤ ‹ቃ› ብሎ በአናታችን ላይ ሲያልፍ ሁሉም ብር ብለው ሸሹ። ልጆቹም ቁራውን ሲራገሙት ብንሰማ፤ የእርሱም ወገን ከኛው ደጋ ርቆ የማይገኝ የአገር ልጅ መሆኑን ነገርናቸው።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ወፎች ዛፉን የሚጠቅመው የትኛው ነው ቢባል፤ ሁሉም አይደለም። በቀቀን በጠንካራ ምንቃሩ ዘሩን ሰብሮ ይበላዋል፤ ዋኖስም በሆዱ ጠጠር ይፈጨዋል፤ እነዚህ የሚበሉት ልጁን ነው። ፍሬውን ሙሉውን የሚውጡት ግን ሥጋውን ብቻ ወስደው ዘሩን ደኅና አድርገው በኩሳቸው ይጥሉታል። ይህን ስንናገር ልጆቹ ሳቁ፤ እመቤቲቱም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ነፋስ እንዲህ ያለውን ከባድ ፍሬ ከእናቱ ሥር አርቆ አይወስደውም፤ ጥድ ደግሞ ብርሃን ወዳድ ስለሆነ በእናቱ ጥላ ሥር በቅሎ አያድግም። ወፉ ግን ከበላ በኋላ በጫካው ዳር ባለ ወይራ ወይም አጋም ላይ ያርፋል፤ ዘሩንም እዚያው ይጥላል። የእሾሁ ቍጥቋጦ ከከብት አፍ ይጠብቀዋል፤ ከዳር ያለው ብርሃንም ያሳድገዋል። የኔታ በጫካው ምሥራቅ ዳር ወስደው ከአንድ አሮጌ አጋም ሥር ጣት የሚያህሉ ሰባት የጥድ ቡቃያዎች አሳዩን፤ ማንም ሰው አልተከላቸውም።

እንዲህ ያለ ሥራ በሌላውም ዓለም አለ። በአልፕ ተራሮችና በሳይቤርያ አንድ ከቁራ ወገን የሆነ ወፍ የጥድ ፍሬ እየለቀመ ለክረምት ስንቅ በየቦታው ይቀብራል፤ ረስቶት የቀረው ይበቅላል፤ ያገሩም ሰዎች ከዚህ የተነሣ ብዙው ጫካ የወፉ ተክል መሆኑን ያውቃሉ። የኛ ወፎች ልዩነታቸው ስንቅ አለመቅበራቸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፈረንጅ ጥድ አንድ ነገር መናገር አለብን፤ ብዙ ሰው ‹ጥድ ተክለናል› ሲል የሚናገረው ስለ እርሱ ነውና። የፈረንጅ ጥድ የመጣው ከመካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፤ ለአጥርና ለግቢ ውበት ያምራል፤ ጣውላውም ይሸጣል። ፍሬው ግን እንደ እንጨት የደረቀ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርስ ተሰንጥቆ ዘሩን ለነፋስ ይጥላል። ሥጋ የለውም። ስለዚህ መዳብ ለባሹ ወፍ፤ ከአውሮፓ የመጣችውም እንግዳ በእርሱ ላይ ቢያርፉ የሚቀምሱት ነገር አያገኙም። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱም አረንጓዴ ነው፤ አንዱ ግን ማእዱ የተዘረጋ ቤት ሲሆን ሌላው ባዶ አዳራሽ ነው። ባሕር ዛፍም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ በአዴት ዙሪያ ማሳውን ሁሉ እየከበበ ነው፤ በአዊ በኩልም ለከሰል የሚሆነው ደከረንስ የሚባለው ግራር ተስፋፍቷል። እነዚህን ዛፎች ለመንቀፍ አንቸኩልም። ለድኻው ገበሬ ማገዶና ገንዘብ ሆነውለታል፤ ባይኖሩ ኖሮ መጥረቢያው ወደ ደብሩ ጥድ በዞረ ነበር። የምንለው ከነርሱ ጎን ያገሩ ጥድ ቦታ አይነፈገው ነው።

ያገሩን ጥድ መትከልም የአባቶች ልማድ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ ከወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው ዛሬ የመናገሻ ጫካ በሚባለው ቦታ ማስተከላቸው ይተረካል። የስሙን መገጣጠም ልብ ይሏል፤ የጥዱ ዘር የመጣው ወፍ ዋሻ ከሚባል ቦታ ነው።

የደብር ጫካዎችን ነገር በጥልቅ ከመረመሩት አንዱ ‹እመጓ› የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በ2007 ዓ.ም. በሆላንድ በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፤ ዘሩ ቢወድቅና ቢበቅልም እንኳ ከብት በሚገባበት ጫካ ቡቃያው ተረግጦና ተግጦ እንደሚቀር አሳይተዋል። ከዚያም በኋላ ከአሜሪካዊቱ የዛፍ ሊቅ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት በጫካቸው ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ ረድተዋል። ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ ላይ የሚለቀም ስለሆነ ሁለት ጥቅም ሰጠ፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ጫካውም ከከብት ተጠበቀ።

እንዲህ ያለውን መንገድ ከቤተ ሰባቸው ጋር ለመሄድ ለሚወዱ አንባቢዎቻችን ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ወፍ ጩኸትና ነጭ ልብስ ይሸሻል፤ ስለዚህ አመድማ ወይም ቡናማ ልብስ ይለበስ፤ ነጠላም ከሆነ ተጠቅልሎ ይያዝ። የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ይያዝ፤ የሌለውም ፍሬ ባላት ጥድ ሥር ከተቀመጠ አይጎድልበትም። ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ወፎቹ ጸጥ ስለሚሉ መዘግየት አይገባም። ለልጆች ደብተርና እርሳስ ይሰጣቸው፤ ያዩትን ወፍ ቀለሙን፤ ምንቃሩን፤ የበላውን ይጻፉ፤ ስሙንም በአገሩ ካሉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ይጠይቁ። የላስቲክ ወንጭፍ ግን በቤት ይቅር። በዚህ ነገር የኔታ ጥብቅ ናቸው፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ኪሱ ውስጥ ወንጭፍ ተገኝቶበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡቃያዎቹን እንዲጠብቅ ተሹሟል።

ዘሩን በቤቱ ለማፍላት የሚፈልግ ሰው የበሰለውን ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ከብዙ እናት ዛፎች ይልቀም እንጂ ከአንዲቱ ብቻ አይውሰድ። ከዚያም ፍሬውን በእጁ አሽቶ ሥጋውን በውኃ ያጥባል፤ ወፉ በሆዱ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነውና፤ ሥጋው ያልተነሣለት ዘር በቀላሉ አይበቅልም። ዘሩንም ጥላ ባለው መደብ ላይ ስስ አፈር ያለብሰዋል። ታላቁ ልጅ ይህን ሲሰማ ከአጋሙ ሥር ካሉት ሰባት ቡቃያዎች አንዱን ነቅሎ ለመውሰድ ፈቃድ ጠየቀ። የኔታ ግን ችግኝ የሚነቀለው ሐምሌ ገብቶ ምድሩ ሲረጥብ መሆኑን ነግረው፤ እስከዚያው ድረስ ከብት እንዳይረግጣቸው በእሾህ እንዲያጥራቸው አዘዙት።